ካትሱራ ሪኪዩን ለማየት፦ ከምዝገባው ምሽት እስከ መጨረሻው ሻይ ቤት

ካትሱራ ሪኪዩ ኪዮቶ ያለ የጥንት የልዑል ቤትና የአትክልት ስፍራ ነው። እዚያ ድረስ ሄደው አጥሩን ብቻ አይተው የሚመለሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። እንደ ሌላው የጃፓን የአትክልት ስፍራ በር ላይ ትኬት ተቆርጦ የሚገባ ይመስላቸዋል። ካትሱራ እንደዚያ አይደለም። የሚያስተዳድረው ኩናይቾ የሚባለው የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የሚገባውም በምዝገባ፣ በተቆረጠለት ሰዓት፣ ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። ጉብኝቱ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ካለፉ በኋላ ተመልሶ ማየት የለም።

ከገቡትም መካከል ብዙዎቹ በስልካቸው ስክሪን ብቻ አይተውት ይወጣሉ። ያ ደግሞ ካለመግባቱ በላይ ያሳዝነኛል። ይህን የጻፍኩት ሁለቱም እንዳይደርስባችሁ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ሂዱ።

ከሁሉ በፊት፦ "ሻይ ቤት" ስንል

በአማርኛ ሻይ ቤት ሲባል ቦምቦሊኖና ሻይ የሚሸጥበት ቤት ነው ትዝ የሚለን። በካትሱራ ያሉት አራቱ ሻይ ቤቶች፣ ሾኪንቴ፣ ሾካቴ፣ ሾይከንና ገፓሮ፣ ሌላ ናቸው። የቤቱ ጌታ እንግዳ ጠርቶ በሥርዓት ሻይ እንዲያቀርብባቸው የተሠሩ የእንጨት ቤቶች ናቸው። ዛሬ ለጎብኚ ሻይ አይፈላባቸውም። ከደጅ ቆማችሁ ውስጡን ታያላችሁ እንጂ ገብታችሁ አትቀመጡም። ሻይ ፍለጋ ከሄዳችሁ ታዝናላችሁ። ሻዩን ሌላ ቦታ ነው የምትጠጡት፣ ደረጃ 8 ላይ አለ።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ምረጡ

ሰኞ ዝግ ነው። ሰኞው በዓል ከሆነ ደግሞ ማግስቱ ይዘጋል። ከዲሴምበር 28 እስከ ጃንዋሪ 4 ድረስም አይከፈትም።

ሰው የሚሻማው ቅጠሉ የሚቀላበትን ኖቬምበርን ነው። ቦታ የማግኘት ዕድላችሁን ማስፋት ከፈለጋችሁ ጁን ላይ ሂዱ። ዝናብ አለ፣ ግን ዛፉ ሥር እንደ ስጋጃ የተነጠፈው አረንጓዴ ሽፋን የሚያምረው ያኔ ነው። ጁላይና ኦገስት ሙቀቱ ይከብዳል፣ ትንኙም አይጣል ነው። ክረምታቸውም የራሱ ውበት አለው፣ ብርድ የማትፈሩ ከሆነ አትናቁት።

ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይገቡም። ትንሽ ልጅ ካላችሁ ወላጆች በተለያየ ሰዓት ተመዝገቡና ተራ ገብታችሁ እዩ።

ደረጃ 2፦ ተመዝገቡ

ብዙው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

የኦንላይን ምዝገባ የሚከፈተው ከጉብኝቱ ወር 3 ወር ቀደም ብሎ፣ በወሩ የመጀመሪያ ቀን፣ በጃፓን ሰዓት ከንጋቱ 5:00 ላይ ነው። ኖቬምበር ውስጥ የትኛውንም ቀን ብትፈልጉ ምዝገባው ኦገስት 1 ይከፈታል ማለት ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰዓት እንመልሰው። ጃፓን ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ በእነሱ ኦገስት 1 ንጋት 5:00 ሲል አዲስ አበባ ላይ ገና ጁላይ 31 ነው፤ ሐምሌ 24፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት። ቁጥሩ መመሳሰሉ ነው የሚያሳስተው። "5:00" የሚለውን አይቶ በነጋታው ሲነጋ የሚጠብቅ ሰው ሌላው ከቀደመው በኋላ ይደርሳል። አንድ ወዳጄ እንዲህ ሆኖ፣ ኮምፒውተሩን ሲከፍት የፈለጋቸው ቀኖች በሙሉ ሞልተው ጠበቁት።

ውጭ ያላችሁ፣ በዚያው በኦገስቱ ምሳሌ ሰዓቱ እንዲህ ነው፦

- ዋሽንግተን ዲሲ፦ ጁላይ 31 ከሰዓት በኋላ 4:00፣ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት
- ቴል አቪቭና ሪያድ፦ እንደ አዲስ አበባ፣ ጁላይ 31 ከምሽቱ 5 ሰዓት
- ዱባይ፦ እኩለ ሌሊት፣ ቀኑ ወደ ኦገስት 1 ሲዞር

አሜሪካና እስራኤል በዓመት ሁለቴ ሰዓት ስለሚቀይሩ ለሌላ ወር ስትመዘገቡ እንደገና አስሉ።

ከዚያ ወደ ምዝገባው፦

1. የኩናይቾን የጉብኝት ገጽ 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ክፈቱ። ካትሱራን ምረጡ። ሹጋኩኢንና ሴንቶ የሚባሉት ሌሎች ግቢዎችም እዚያው ገጽ ላይ ስላሉ አታምታቱ።
2. ሦስት አማራጭ ቀንና ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። የመጀመሪያው ከሞላ ቆማችሁ አታስቡ፣ ወደ ሁለተኛው እለፉ።
3. በእንግሊዝኛ የሚመራበትን ሰዓት ምረጡ። በጃፓንኛው ከገባችሁ አስጎብኚው የሚለውን ሳትሰሙ ታልፋላችሁ።
4. ስማችሁን ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፉ። "አሕመድ" በሁለት ዓይነት ይጻፋል፣ "ጸጋዬ" በአራት ዓይነት። ፌስቡክ ላይ የምትጠቀሙበትን አጻጻፍ እርሱት።
5. የትውልድ ዘመን ከተጠየቃችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉ።
6. በአንድ ምዝገባ እስከ 4 ሰው ይገባል። ሁሉንም ስም መጀመሪያውኑ አስገቡ። "ኋላ እጨምራለሁ" አትበሉ።
7. የማረጋገጫ ኢሜይሉን ስክሪንሾት አድርጉት፤ ወረቀት ላይም አትሙት።

ክፍያው በዕለቱ ነው። ስለዚህ የጃፓን ቪዛ ገና ባይወጣላችሁም መመዝገቡ አይጎዳችሁም። ለቪዛ ማመልከቻው የቆይታ መርሐ ግብር ስለሚጠየቅ ይህን ቀን እዚያ ላይ አስገቡት። ቪዛው ካልተሳካ ግን ምዝገባውን ሰርዙ። ያ ቦታ ሌላ ሰው የሚጠብቀው ቦታ ነው።

ኢሜይሉ ካልመጣ መጀመሪያ ስፓም ውስጥ ፈልጉ። ከዚያ ገጹ ላይ ሁኔታውን እዩ። እዚያም ከሌለ አልተመዘገባችሁም፤ ወዲያው እንደገና ሞክሩ።

ደረጃ 3፦ ከሞላባችሁ

ተስፋ አትቁረጡ። ሰው ስለሚሰርዝ ቀን በቀን ገጹን እዩ፣ በተለይ ጉብኝቱ ሲቃረብ።

ከዚያ ሌላ በዕለቱ እዚያው በር ላይ በመጡበት ቅደም ተከተል የሚሰጥ ቦታ አለ። የሚሰጥበትን ሰዓት በዋዜማው ከገጹ ላይ አረጋግጡና ቀድማችሁ ተሰለፉ። ይህን የምትሞክሩት ኪዮቶ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን ካላችሁ ነው። አንዱ ቀን ቢከሽፍ ሌላው ይቀራችኋል።

ሁሉም እምቢ ካለ ሴንቶን ያዙ። እሱም በዚያው መሥሪያ ቤት ሥር ነው፣ መሃል ኪዮቶ ውስጥ ይገኛል፣ መግቢያውም ነፃ ነው። ትልቅ ኩሬና ዩሺንቴና ሴካቴ የሚባሉ ሁለት ሻይ ቤቶች አሉት። ካትሱራን አይተካም፤ ነገር ግን ያየው ሰው ሲቆጭ አልሰማሁም።

ደረጃ 4፦ በዋዜማው አዘጋጁ

ፓስፖርት። ፎቶኮፒ ወይም ስልክ ላይ ያለ ምስል አይሁንባችሁ፣ ዋናውን ያዙ።

ጥሬ ገንዘብ። ለአዋቂ 1,000 የን ነው። ዋጋ ሊለወጥ ስለሚችል ከመሄዳችሁ በፊት ገጹን እዩ።

ጫማ። ሶሉ ጠፍጣፋና የማያንሸራትት ይሁን። መንገዱ ጠጠርና አንዱ ከአንዱ ተነጥሎ የተተከለ መረማመጃ ድንጋይ ነው። ተረከዝ ያለው ጫማ ድንጋዮቹ መካከል ይገባና እግር ይዞ ይወልቃል። በዝናብ ቀን ድንጋዩ እንደ ሳሙና ነው።

ዝናብ ጉብኝቱን አያስቀረውም። ጃንጥላ ያዙ፣ ግን ትንሽ ይሁን። ትልቅ ጃንጥላ ከኋላ ያለውን ሰው ዓይን ይጋርዳል፣ ቅርንጫፍም ይመታል። ሻንጣችሁን ሆቴል ተዉት።

እርጅና ወይም የጉልበት ሕመም ያለበት ዘመድ ይዛችሁ ከሆነ ደግማችሁ አስቡበት። መንገዱ ላይ ዳገት፣ ድልድይና ያልተስተካከለ ደረጃ አለ። መሃል ላይ "እዚህ ቁጭ ብዬ ልጠብቃችሁ" ማለት አይቻልም።

ደረጃ 5፦ መንገዱ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ከኪዮቶ ጣቢያ የከተማ አውቶቡስ 33 ይዛችሁ ካትሱራ ሪኪዩ ማኤ ላይ መውረድ ነው። ከዚያ የ8 ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ሁለተኛው፣ በሃንኪዩ ባቡር ካትሱራ ጣቢያ ወርዳችሁ በምሥራቅ መውጫ በኩል 20 ደቂቃ መሄድ ነው።

ተጠንቀቁ፦ ጄአር የሚባለው ሌላው ባቡር "ካትሱራጋዋ" የሚባል ጣቢያ አለው። ስሙ ተቀራረበ እንጂ ቦታው ሌላ ነው። እዚያ ከወረዳችሁ ሰዓት ሳይባክን ታክሲ ያዙ። ለሾፌሩ እንድታሳዩት የቦታውን ስም በጃፓንኛ ፊደል ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

ከተጻፈው ሰዓት 40 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ወረቀቱ ላይ 10:00 ካለ በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ይህን ለአብሮ ተጓዦቻችሁ ሁሉ ንገሩ። ያረፈደን ሰው ቡድኑ አይጠብቀውም፣ ወደሚቀጥለው ሰዓትም አያሸጋግሩትም።

ከቀደማችሁ ትርፍ አለው። በወንዙ በኩል ያለውን አጥር ሄዳችሁ እዩት። የሞተ እንጨት አይደለም፤ በሕይወት ያለ ቀርከሃ ነው። ከግቢው ውስጥ በቅሎ ወደ ውጭ ታጥፎ፣ ቅጠሉ እንደ ግድግዳ እንዲወርድ ተደርጎ ታስሯል። ለዚህ ምዝገባም ክፍያም የለም።

ደረጃ 6፦ ስትገቡ

ፓስፖርትና ማረጋገጫ አሳዩ፣ ክፈሉ፣ ማረፊያው ክፍል ውስጥ ጠብቁ። ሽንት ቤት አሁኑኑ ሂዱ። መንገዱ ላይ የለም።

ካሜራችሁን እዚህ አስተካክሉ፣ ድምፁን አጥፉ። ትራይፖድ አይፈቀድም።

አስጎብኚው ከፊት ይሄዳል። ከኋላ ደግሞ አንድ ሠራተኛ ይከተላል፤ ማንም እንዳይቀር የሚጠብቀው እሱ ነው። የምትቆሙበትን ቦታ ምረጡ፦ ማብራሪያውን መስማት የምትፈልጉ ከፊት፣ ሰው የሌለበት ፎቶ የምትፈልጉ ከመጨረሻ። መሃል የገባ ሰው ሁለቱንም ያጣል።

ደረጃ 7፦ ስትሄዱ ምን እንደምታዩ

አንድ ሕግ ብቻ ያዙ፦ ስትራመዱ እግራችሁን እዩ፣ ስትቆሙ ቀና በሉ። ድንጋዮቹ የተተከሉት ለዚሁ ነው። ትንንሾቹና የተራራቁት አንገት ያስደፋሉ። ሰፊ ድንጋይ ላይ ስትደርሱ ቆም ትላላችሁ፣ ቀና ስትሉ ዕይታው ይጠብቃችኋል። እየሄደ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል፣ ሊወድቅም ይችላል።

መንገድ መገናኛ ላይ በጥቁር ገመድ እንደ ጥቅል የታሰረ የቡጢ የሚያክል ድንጋይ ታያላችሁ። "በዚህ አይታለፍም" ማለት ነው። አትሻገሩት፣ አታንሱት። በስህተት ከተሻገራችሁ በመጣችሁበት ድንጋይ ተመለሱ። አረንጓዴውን ሽፋን በጭራሽ አትርገጡ።

ጥዱ። ገና ስትጀምሩ በሁለት አጥር መካከል መጨረሻው ላይ አንድ ጥድ ቆሞ ታያላችሁ። ኩሬውን ሆን ብሎ ይጋርዳል። አንገታችሁን አስግጋችሁ ከኋላው ለማየት አትታገሉ። ኩሬው በጊዜው ይመጣል።

የውጪው መጠበቂያ። የሣር ክዳን ያለው አግዳሚ ወንበር ነው። ጥንት እንግዳ እስኪጠራ እዚህ ይቀመጥ ነበር። ፊት ለፊቱ ሶቴትሱ የሚባሉ ዘንባባ መሰል ተክሎች አሉ። በክረምት ብርድ እንዳይገድላቸው ከላይ እስከ ታች የሩዝ ገለባ ይለብሳሉ፤ ካባ የለበሱ ሰዎች ይመስላሉ። ከሥር ያለውን ቀጥ ያለ የድንጋይ ንጣፍም ተመልከቱ። ጥርብና ያልተጠረበ ድንጋይ ተቀላቅሎ ጠርዙ ግን በክር የተለካ ነው።

የጠጠሩ ጫፍ። ጥቋቁር ጠጠሮች ወደ ኩሬው ውስጥ ሹል ሆነው ገብተዋል። ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ፋኖስ አለች። ባሕር ዳርቻ ላይ እንዳለ መብራት አድርጋችሁ ካያችኋት ኩሬው በአንዴ ባሕር ያክላል። ፎቶ አንሱ፣ ግን አንድ ብቻ። ሰው የሚደናቀፍበት ቦታ ነው።

ሾኪንቴ። በአንድ ወጥ የድንጋይ ድልድይ ትሻገራላችሁ። መከለያ የለውም፣ አንድ በአንድ እለፉ። ቤቱ ደጃፍ ስትደርሱ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይንጋጋል፦ ውስጥ ግድግዳው ላይ እንደ ዳማ ሰሌዳ ሰማያዊና ነጭ የተለጠፈው ወረቀት። እውነትም ዓይን ይይዛል፤ በዚያ ሁሉ እንጨትና ጭቃ መካከል ደማቅ ቀለሙ እሱ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰው ይቅለል። እስከዚያ ወደ በረንዳው ዞር በሉ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ኩሬውን ፊት ለፊት እያየ፣ ምድጃና መደርደሪያ አለ። ማብሰያው ጓዳ አልተደበቀም። ቡና እንግዳ ፊት ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ሲፈላ ላደገ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ካትሱራ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ቆማችሁ እዩ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

ሾካቴ። ትንሽ ዳገት አለው። ከግቢው ሁሉ ከፍ ያለችው ጎጆ ናት። ላባችሁን ስትጠርጉ ወደ መጣችሁበት ዞራችሁ ዛፎቹ መካከል ኩሬውን ፈልጉ።

ሾይከን። ከበሩ በላይ ስድስት ክብ መስኮቶች በረድፍ አሉ። ሲያልፉ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። አንድ በአንድ እዩአቸው፣ የውስጣቸው ፍርግርግ የተሠራበት መንገድ ይለያያል። በኋላ በኩል ያለው መስኮት ደግሞ የሚያሳየው የሩዝ ማሳ ነው። የልዑል ቤት ሆኖ ገበሬ ሲዘራና ሲያጭድ እንዲታይበት ተከፈተ።

ገፓሮ። ከዋናዎቹ የመኖሪያ ሕንፃዎች አልፋችሁ የምትደርሱበት የመጨረሻው ነው። ሕንፃዎቹ ፊት ኩሬውን የሚያይ የቀርከሃ መደብ አለ፣ ጨረቃ የሚታይበት። ገፓሮ ጋ ስትደርሱ ወደ ጣሪያው ቀና በሉ። ኮርኒስ የለውም፤ የተገለበጠ ጀልባ ሆድ ይመስላል። ሰው እዚህ ሲደርስ ስለደከመው ሳያይ ያልፋል። እናንተ አትለፉ።

መሃል ላይ ከቡድኑ ከቀራችሁ አትሩጡ። የኋላው ሠራተኛ ያደርሳችኋል። እግር ከተጣመመባችሁ ወዲያው ንገሩት፤ "ይሻለኛል" ብሎ ድንጋይ በድንጋይ መዝለል ነገሩን ያባብሰዋል።

ደረጃ 8፦ አሁን ሻዩን ጠጡ

ስትወጡ እዚያው አካባቢ ናካሙራከን የሚባል አሮጌ የሞቺ ቤት አለ። ከሩዝ የተሠራ ለስላሳ ሞቺ ከሻይ ጋር ይሰጣል፤ ለደከመ እግር ይህ ይበቃል። ማቻ የሚባለውን ተመትቶ አረፋ ያወጣ አረንጓዴ ሻይ አትክልት እያያችሁ መጠጣት ከፈለጋችሁ ግን ኪዮቶ ውስጥ ኦሃራ ያለው ሆሰንኢን ቤተ መቅደስ ከመግቢያው ጋር ይሰጣል። በናሪታ በኩል የምትመለሱ ደግሞ ቶኪዮ ሃማሪኪዩ ውስጥ ኩሬ ላይ የቆመው ናካጂማ ሻይ ቤት አለላችሁ። እዚያ ምዝገባ አያስፈልግም።

ታታሚ በሚባለው የወለል ምንጣፍ ላይ የሚቀርብላችሁ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ጫማ አውልቁ። ንጹሕ ካልሲ ይኑራችሁ። ቀለበትና ሰዓት አውልቃችሁ ኪስ ክተቱ፣ ሻዩ የሚቀርብበትን ጎድጓዳ ሳህን ይጭራል።
2. ደፉንና የታታሚውን ጠርዝ ጨርቅ አትርገጡ።
3. ተንበርከኩ። እግር ካደነዘዘ "ይቅርታ" ብሎ ማጣጠፍ ነውር የለበትም። ደንዝዞባችሁ ከሆነ በድንገት አትነሡ፣ ትወድቃላችሁ።
4. ጣፋጩን መጀመሪያ ብሉ፣ ጨርሱት። ስኳር አትጠይቁ። የሻዩን መራራነት የሚያቻችለው ጣፋጩ ነው። ለጾመኞች፦ አብዛኛው ባህላዊ ጣፋጭ አዙኪ ከሚባል ትንሽ ቀይ ጥራጥሬ፣ ከሩዝ ዱቄትና ከስኳር ስለሚሠራ ወተትም ቅቤም የለውም። አንዳንዱ እንቁላል አለበትና ጠይቁ።
5. ሳህኑን በቀኝ እጅ አንሡ፣ ግራ መዳፍ ላይ አስቀምጡ። በትንሹ ራሳችሁን ዝቅ አድርጉ።
6. በሰዓት አቅጣጫ ሁለቴ በጥቂቱ አዙሩት። ያማረው ፊቱ ወደ እናንተ ስለሚቀርብ በዚያ በኩል አይጠጣም።
7. በሦስት አራት ጉንጭ ጨርሱ። የመጨረሻዋን ድምፅ እያሰማችሁ ሳቡት። እኛ ዘንድ ነውር ነው፣ እዚያ ግን መጨረሳችሁን የምትናገሩበት ነው።
8. የጠጣችሁበትን ጠርዝ በጣት ጠርጉ፣ ሳህኑን ወደ ነበረበት መልሳችሁ አዙሩ፣ አስቀምጡ።

ሁለተኛ ሳህን አይመጣም፤ አቦልና ቶና አትጠብቁ። ሳህኑን ለማየት ከፈለጋችሁ ከታታሚው ብዙ ሳታርቁ፣ ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ በሁለት እጅ ያዙት። ስትወጡ "ጎቺሶሳማ ዴሺታ" (ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ) በሉ፣ ጫማችሁንም ቁጭ ብላችሁ አድርጉ።